እሜቴ ልብስ የቀየረች ሰሞን

ጡረታ የወጣሁት በሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። የመሸኛ ግብዣ አልነበረም፤ የምስጋና ወረቀት የሰጠኝም የለም። አንድ ባልዲ፣ አንድ የጨው መለኪያ፣ አንድ ትንሽ ቢላዋና አንድ ደብተር ይዤ ከሆቴሉ በር ወጣሁ። ከኋላዬ የቀን ሠራተኞች የጣሪያውን ቆርቆሮ ይነቅሉ ነበር፤ መንገዱ ሊሰፋ ነው። አሁን አቃቂ በሰቃ አጠገብ አንድ የልብስ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ክር እየቆጠርኩ አስገባለሁ፣ እየቆጠርኩ አስወጣለሁ። ሥራው መጥፎ አይደለም። ክር ግን መልሶ አያይህም።

ስድስት ዓመት የሠራሁት ሥራ የታወቀ ስም አልነበረውም። መታወቂያዬ ላይ "የግል ሥራ" ይላል። ሰው ሲጠይቀኝ "ዓሣ ጠባቂ ነኝ" እላለሁ። "ከማን ነው የምትጠብቀው?" ይሉኛል። "እርስ በርሳቸው" ስል ይስቃሉ። ቀልድ አልነበረም።

ሆቴሉ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ብዙም አይርቅም ነበር። አልጋ የሚይዙት በአብዛኛው ከክፍለ ሀገር ታሳሪ ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። እናቴ እዚያው በር ፊት ለፊት ኪዮስክ አላት፤ ጠያቂዎች ይዘው መግባት የማይችሉትን ስልክና ቦርሳ ተቀብላ ታስቀምጣለች። ያደግኩት የሰው ስልክ በሞላበት መደርደሪያ ሥር ስለሆነ ጠያቂን ከሩቅ እለያለሁ። ሲሄድ ሁለት እጁ ሙሉ ነው፤ ሲመለስ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። እነዚህ እጃቸው የጠፋባቸው ሰዎች ከሰዓት በኋላ መጥተው እንግዳ መቀበያው ውስጥ ካለው አኳሪየም ፊት ይቀመጡ ነበር።

አኳሪየሙ አንድ ሰው ሊጋደምበት የሚችል የጨው ውሃ ገንዳ ነው። ከድንጋዩ ሌላ ውስጡ ሁለት ነዋሪ ነበረው። አንደኛው ሻምበል ነው። ክንድ የሚያክል፣ ቀይ፣ ገላው ላይ ሰማያዊ ጠብታ የተረጨበት የቀይ ባሕር ዓሣ፤ አፉን ሲከፍት የሻይ ብርጭቆ ያስገባል። ሁለተኛዋ እሜቴ ናት። ከጣቴ የማትረዝም ሽሪምፕ፤ ቀይ ጀርባዋ ላይ ከራስ እስከ ጅራት የተሰመረ ነጭ መስመር፣ ከፊቷ ደግሞ ከራሷ የሚረዝሙ ነጭ ጢሞች። ሻምበል ሽሪምፕ ይበላል፤ ተፈጥሮው ነው። እሜቴን ግን አይበላም ነበር። ስድስት ዓመት የሠራሁት ይህ "አይበላም" የሚለው ቃል እንዳይፈርስ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ልጃቸውን ጠይቀው መጥተው መስታወቱን ሲያዩ ቆዩና፣

"ልጄ፣ ይቺ ከሱ ጋር የታሰረችው ምን አጥፍታ ነው?" አሉኝ።

"አልታሰረችም እማማ። ሐኪሙ ናት።"

ወዲያው ሻምበል ከድንጋዩ ሥር ወጣና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አፉን ከፈተ። እሜቴ ጢሟን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ቀረበች፤ ከንፈሩን ነካ ነካ አደረገችና ገባች። ውስጥ ገብታ ጥርሱ ሥር የቀረውን ትለቅማለች። ሴትየዋ "በስመ አብ!" ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ያዘዙት ሻይ ቀዘቀዘ። እሜቴ በጉንጩ በኩል ወጣች።

"ነገም ትገባለች?"

"ትገባለች።"

"እንግዲያው ነገም እመጣለሁ" አሉ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሙላቱ ናቸው። በወጣትነታቸው የድሮው ባቡር ላይ ፍሬን ይይዙ ነበር፤ ከአቃቂ ጣቢያ ተነስተው ጅቡቲ ይደርሳሉ። ጅቡቲ ላይ ባቡሩ እስኪጫን አንድ የመናዊ ምግብ ቤት ይቀመጡና የሰውየውን የዓሣ ገንዳ ያያሉ። ማየቱ ዓመታት ፈጀ፤ በመጨረሻ የመናዊው ሥራውን ሁሉ አሳያቸው። ባቡሩ ሲቆም ጋሽ ሙላቱ የቀራቸው ሙያ ይህ ነበር።

እኔ ሆቴሉ የገባሁት ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ለመሸከም ነው። አንድ ጠዋት ጀሪካኑን አስቀምጬ ወደ መስታወቱ ስመለከት ከኋላዬ፣ "ምን አየህ?" አሉኝ።

"ዓሣ።"

"ዓሣማ ማንም ያያል። ምን አየህ?"

ደግሜ አየሁ። "የግራ ክንፉን አያንቀሳቅስም። በቀኙ ብቻ ነው የቆመው።"

ከተቀመጡበት የለስላሳ ሳጥን ላይ ቀስ ብለው ተነሱ። "ነገም ጀሪካን ትሸከማለህ። ከዚያ በኋላ ግን እኔ ጋ ትመጣለህ" አሉ። የቅጥር ውሌ ይኸው ነው። ደሞዜ የጀሪካን ተሸካሚ ደሞዝ ሆኖ ብዙ ጊዜ ቆየ፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ልማዳቸውን እስከ ዛሬ እጄ ላይ አገኘዋለሁ። ውሃ ውስጥ እጅ ከመግባቱ በፊት ሦስት ጊዜ በንጹህ ውሃ እስከ ክርናቸው ድረስ ይታጠባሉ፤ ሳሙና የለም። የመዳብ አምባር ያደረገ ሰው ከገንዳው አጠገብ አይቆምም። "መዳብ ለአንተ ጅማት ጥሩ ይሆናል፤ ለሽሪምፕ መርዝ ነው" ይላሉ። የሆቴሉ ባለቤት አንድ ቀን አምባሩን እንዳደረገ እጁን ሊያስገባ ሲል እንደ ሕፃን እጁን መትተው መልሰውታል። ባለቤቱ ደንግጦ ሳቀ፤ አምባሩን ግን አወለቀ።

አዲስ እንስሳ ሲመጣ ከነላስቲኩ ባልዲ ውስጥ ያስቀምጡና በግሉኮስ ቱቦ የገንዳውን ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጉለታል፤ ከጤና ጣቢያ ተለምኖ የመጣ አዲስ ቱቦ ነው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጠብታውን ከሰዓታቸው ጋር እያስተያዩ ይቆጥራሉ። ሲያስገቡት ደግሞ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ገንዳውን በሙሉ ይሸፍኑታል። "እንግዳ ቤት ሲገባ አይፈጠጥበትም" ይላሉ። ጋቢው የጨው ውሃ ጠጥቶ ዳር ዳሩ ደርቆ ነበር።

አንዱን ነገር ግን ደጋግመው ነው የነገሩኝ፦ ማን ይቅደም የሚለውን። ሽሪምፕ ካለ እሷ ትቀድማለች። ሳምንታት ብቻዋን ትኖራለች፤ ዋሻዋን ትመርጣለች። ከዚያ ነው አዳኙ የሚገባው።

"ሻምበል ቀድሞ ቢሆን ኖሮ እሷ ስትመጣ ምሳዬ መጣ ይላል። እሷ ቀድማ ስትጠብቀው ግን ሰው ቤት እንደገባ ያውቃል። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል።"

"ዓሣ ጫማ አለው እንዴ ጋሼ?"

"አንተ ገጣሚ ነኝ ትል የለ? ስጠው!"

ግጥም እንደምጽፍ በዚያው ሰሞን ደርሰውበታል። ማንም አላስተማረኝም፤ እናቴ ኪዮስክ ውስጥ ስልክ የተጠቀለለበት ጋዜጣ እያነበብኩ ነው የጀመርኩት።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚይዘው አየር ከባሕሩ ዳር ያነሰ ነው፤ ቶሎ ያፍናቸዋል። ያን ጊዜ በጆግ ውሃውን ከገንዳው እየቀዳን ከላይ መልሰን እናፈሳለን፤ እሳቸው አንድ ሃያ፣ እኔ አንድ ሃያ። አንዳንዴ ሦስት ሰዓት ይቀጥላል። ክንዴ እሳት ይሆናል። ዛሬ ፋብሪካው ውስጥ መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል፤ የእኔ እጅ ጆግ ይፈልጋል።

በመካከሉ ሌላ ቦታም ሠርቻለሁ። ሳሪስ አንድ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ታካሚው እንዳይፈራ ብሎ ወርቃማ ዓሣ አስገብቶ በየቀኑ ዳቦ እየበተነ ጨረሳቸው። አንድ ነጋዴ ደግሞ ቤቱ ያለው ገንዳ ከሶፋው ቀለም ጋር አልሄደም ብሎ አስነሳኝ። ከሁለቱም ቦታ እየሮጥኩ ወደ ቃሊቲ ስመለስ እሜቴ ጢሟን ከዋሻዋ አውጥታ አገኛታለሁ። አወቀችኝ ማለቴ አይደለም። እኔ ግን ታውቀኛለች ብዬ ነበር የምኖረው።

ሽሪምፕ በየጥቂት ሳምንቱ ቅርፊቷን ትጥላለች። ጋሽ ሙላቱ "ልብስ ቀየረች" ይላሉ። የተጣለው ቅርፊት ከነጢሙ፣ ከነእግሩ የሞተች ሽሪምፕ ይመስላል፤ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጮኼ ነበር። እሳቸው በሁለት ጣት አንስተው አደረቁትና ደብተራቸው ላይ በሙጫ ለጠፉት፤ ሥሩ ቀኑን ጻፉ። ደብተሩ በሙሉ እንደዚያ ነው፤ ገጹ ላይ ቀጭን፣ ነጭ፣ ብትተነፍስበት የሚሰበር የእሜቴ ልብስ።

ልብስ በቀየረች ሰሞን ገላዋ ለስላሳ ነው። መከላከያ የላትም። ከመቀየሯ አንድ ሁለት ቀን በፊት ምግብ ትተዋለች፤ ከዋሻዋም አትወጣም። ምልክቱ ይህ ነው። ምልክቱን ካየህ አዳኙን በዚያው ቀን ታጠግበዋለህ፤ እሷ እስክትወጣም ታጠግበዋለህ። "የጠገበ ሻምበል ሐኪሙን ያውቃል" ይላሉ። ለዚህ ሲሉ የራሳቸውን ቢላዋና መክተፊያ በቀይ ክር አስረው ከገንዳው ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ ነበር።

ዓይናቸው መድከም የጀመረው እኔ አራተኛ ዓመቴን ስይዝ ነው። የዓይን ግፊት ነው አሏቸው። ድሬዳዋ ያለችው ልጃቸው ሐኪም አግኝቼልሃለሁ ብላ ለሕማማት ሳምንት ጠራቻቸው። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡና ጣቶቼን ራሳቸው አጠፉልኝ።

"እሜቴን ለፋሲካ ማግሥት አስረክበኝ። ዓይኔ አለቀልህ ካሉኝ መጨረሻ የማያት ያኔ ነው። ገባህ?"

"ገባኝ ጋሼ።"

ማክሰኞ እሳቸው ከትፈው የተዉትን ለሻምበል ሰጠሁ። ረቡዕ እሜቴ ምግቧን አልነካችም፤ ከዋሻዋ አልወጣችም። አየሁ። ሐሙስ ጠዋት ከበረዶ ቤቱ ዓሣ አውጥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ከዐቢይ ጾም መግቢያ ጀምሮ ዕቃቸውን በሙሉ አጥበው፣ የፍስኩን ቢላዋ ቆልፈው የሚያስቀምጡ ሴት።

"እትዬ፣ ቢላዋ ቢያውሱኝ?"

"ምን ልትቆርጥ?"

"ለሻምበል ዓሣ።"

"በጸሎተ ሐሙስ! በኔ ቢላዋ! አንተ ልጅ ጤናህ ነው?" ወገባቸውን ይዘው ቆሙ፤ ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። "እሱስ ቢሆን? እኛ እስከ እሑድ ስናከፍል እሱ ምን ሆኖ ነው? ይጹማ! አክፍሎት ይያዝ! ኃጢአቱ ከኔና ካንተ ይበልጣል እኮ!"

ወጥ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ዓሣውን ወደ በረዶ ቤቱ መለስኩት። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ስንኝ ብልጭ ብሎ ነበርና ሳይጠፋብኝ ልጽፈው ወጣሁ። አክፍሎት የያዘ አዳኝ! እንዲህ ያለ ነገር ማን ጽፏል? እናቴ ኪዮስክ ሄድኩና መደርደሪያው ሥር ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ። ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ውዬ በየስግደቱ መሃል አንድ ቃል አስተካክል ነበር። ቢላዋው በቀይ ክር እንደታሰረ ከገንዳው ሥር ነበር። ሳጥኑን አልከፈትኩትም።

ቅዳሜ ጠዋት ስገባ ቅርፊቷ ከማጣሪያው አፍ ላይ ተለጥፎ ይርገበገባል። ልብስ ቀይራለች። ደስ አለኝ፤ ጎንበስ ብዬ ዋሻዋን አየሁ። ባዶ ነው። ሌላውን ድንጋይ አየሁ። ባዶ ነው። አሸዋው ላይ አንድ ነጭ ጢም ብቻ ተጋድሟል። ሻምበል ከድንጋዩ ሥር የግራ ክንፉን ሳያንቀሳቅስ ቆሞ ያየኛል። ፊቱ ላይ ምንም የተለየ ነገር የለም። ይህን መርሳት አቃተኝ።

ጋሽ ሙላቱ የፋሲካ ማግሥት ከድሬዳዋ ጣፋጭ ሐሉዋ ይዘውልኝ መጡ። ባለቤቱ ክንዳቸውን ይዞ ነው ያስገባቸው። ገና ሳይቀመጡ፣

"እሜቴስ?" አሉ።

"ልብስ ስትቀይር አልቻለችም ጋሼ። በዚያው ሞተች።" ቅርፊቱን በወረቀት አድርጌ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ወደ ዓይናቸው አላቀረቡትም። በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ።

"አንገቷ ሥር ተከፍቷል። እግሯ ሁሉ ወጥቷል። ይቺ እኮ በደንብ ነው የወጣችው። ስትቀይር የምትሞት ሽሪምፕ ግማሿ ልብሱ ውስጥ ይቀራል።" ቅርፊቱን ወደ ወረቀቱ መለሱ። "ሻምበል መጨረሻ የበላው መቼ ነው?"

"ማክሰኞ።"

"ቢላዋዬ ጠፍቶ ነው?"

"አልጠፋም።"

"ታዲያስ?"

ነገርኳቸው። የእትዬ ዘነበችን ቀልድ ነገርኳቸው፤ ግጥሙንም ነገርኳቸው።

"አንብብልኝ" አሉ።

"ጋሼ፣ እባክዎ..."

"አንብብ።"

በገንዳው ፊት ቆሜ አነበብኩ። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። እሳቸው የለስላሳ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው በጥሞና ሰሙኝ።

"ቤት ይመታል" አሉ። "ዓሣው ግን እዚህ ውስጥ የለም። ርቦት ነበር፤ አላየኸውም። እሷም ራቁቷን ነበረች፤ አላየሃትም።" ከዚያ ኪሳቸውን ዳብሰው ደብተሩን አወጡ። "ቅርፊቱን ለጥፈው። ቀኑን ጻፍ። ካሁን በኋላ እኔ መስመሩ አይታየኝም፤ የምትጽፈው አንተ ነህ።"

ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር። ግጥሙን ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም አላነበብኩም።

ሌላ ሽሪምፕ እስክትመጣ ክረምቱ አለፈ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር በበረዶ ሣጥን ይዟት መጣ፤ ቃሊቲ ጉምሩክ አጠገብ ተቀበልኩት፤ እስክደርስ ድረስ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ታክሲ ውስጥ ማንም እንዲነካኝ አልፈቀድኩም። ከዚያ በፊት ሻምበልን ወደ ትልቅ በርሜል አዛውረነዋል። ድንጋዮቹን በሙሉ አፍርሰን በሌላ መልክ ሠራናቸው፤ ሲመለስ ቤቱን እንዳያውቀው። የግሉኮስ ቱቦውን ጠብታ እኔ ቆጠርኩ። ጋቢውን እሳቸው አለበሱ፤ ጠርዙን በእጃቸው እየፈለጉ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሻምበል አብልተነው፣ ደግመን አብልተነው፣ እንደ እንግዳ ገባ።

ያን ጊዜ የእሳቸው ዓይን ብርሃንና ጥላን ብቻ ነበር የሚለየው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሳጥናቸው ላይ ይቀመጡና "ንገረኝ" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ሳሳምር "ተው፣ ያየኸውን" ይላሉ። ሳሳንስ "ከዚያስ?" ይላሉ። አስራ ሰባት ቀን "አልቀረበችም" አልኳቸው። በአስራ ስምንተኛው ቀን ሻምበል አፉን ከፈተ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጢሟን፣ ከንፈሩን ስትነካ፣ ወደ ኋላ ስትል፣ እንደገና ስትመጣ ነገርኳቸው። አጠገባችን የተቀመጡት ጠያቂዎች ሁሉ ወደ እኛ አዘንብለው ይሰሙ ነበር።

"ገባች?"

"ገባች፣ ጋሼ።"

ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ከዚያ በኋላ በሳሪስ አዳራሽ ሰው ፊት ቆሜ ሌላ ግጥም አንብቤ ተጨብጭቦልኛል። የዚያን ቀኑን የመሰለ ሰሚ ግን አላገኘሁም።

በዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ጋሽ ሙላቱ ጠቅልለው ልጃቸው ጋ ሄደው ነበር። እትዬ ዘነበች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ "አንተ! ዓሣውን አበላህ ወይስ አላበላህም?" ብለው ጮሁብኝ። ጋሽ ሙላቱ ትተውልኝ የሄዱትን ቢላዋ በቀይ ክሩ አንጠልጥዬ አሳየኋቸው። ከድሬዳዋም ስልክ ተደወለ፤ ጥያቄው ያው ነበር። "አብልቻለሁ ጋሼ" አልኩ።

ሆቴሉ ሲነሳ ሻምበልንና ሽሪምፗን ቦሌ የሚኖር፣ ቤቱ ገንዳ ያለው አንድ ሰው ወሰዳቸው። መጀመሪያ እሷን ወሰድኩ። እሱን ከወር በላይ በርሜል ውስጥ አቆይቼ ነው ያስረከብኩት። አዲሱ ባለቤት ስደውልለት ደህና ናቸው ይለኛል። ና እያቸው ብሎኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ ከመጋዘን ስወጣ እግሬ ወደ ቃሊቲ ወሰደኝ። ሆቴሉ የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። እዚያ እንደቆምኩ ስልኬ ጮኸ።

"ሻምበልን አበላኸው?"

"ጋሼ፣ ሆቴሉ ፈርሷል እኮ። ነግሬዎት ነበር።"

"ነግረኸኛል። የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው። ምን አየህ?"

አየሁ። "ቆርቆሮ ነው ጋሼ። ሰማያዊ። ታችኛው ጫፉ ታጥፏል። በቀዳዳው ገልባጭ መኪና ይታያል፣ አፈር እየጫነ ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ... እንግዳ መቀበያው የነበረበት ነው። በስተግራ ሶኬቱ። ሳጥንዎ። መስታወቱ።" ወደ ቆርቆሮው ጠጋ አልኩ። "ሻምበል ከድንጋዩ ሥር ወጥቷል። የግራ ክንፉን አያንቀሳቅስም።"

"ጠግቧል?"

"ጠግቧል። ጠዋት በቢላዋዎ ከትፌ አብልቼዋለሁ።"

"ደግ አደረግህ። በል ቀጥል።"

"አፉን ከፈተ።"

በስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከኋላዬ ከማረሚያ ቤቱ የሚመለሱ ጠያቂዎች ባዶ እጃቸውን እያወዛወዙ ያልፋሉ።

"ገባች?" አሉ።

"ይቆዩ፣ ጋሼ። ጢሟ ከንፈሩን እየነካ ነው።"